ሸክሙ የቀለለ ብዙ ያያል

በማታው ትምህርት ላይ አንድ ጥያቄ ተነሣ። «ኳስ ለማየት ሀዋሳ ልንሄድ ነው። በዚያውም ከተማውን እናያለን። ምን እንያዝ?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የዛሬው ንባባችን ስለ ጓዝ ነው። ጓዝ ማለት ለመንገድ የሚያዝ ዕቃ ነው።

መልሱ አጭር ነው። በአንድ እጅ የሚያዝ አንድ ቦርሳ ይበቃል። ለምን? ምክንያቱን አብረን እንይ።

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። ሀዋሳ ከተማ የሚባለው ቡድን በ1996 ዓ.ም. እና በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ ወስዷል። ሲዳማ ቡናም የዚያው አገር ቡድን ነው።

ጠዋት ወደ አሞራ ገደል ይኬዳል። ዓሣ አጥማጆች ከሐይቁ ያወጡትን ዓሣ እዚያ ይሸጣሉ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ትርፍራፊ ለማግኘት በሰው መካከል ይቆማል። ከዚያ የታቦር ተራራ አለ። ከላይ ሆኖ ሲያዩት ከተማውም ሐይቁም አንድ ላይ ይታያል። ይህ ሁሉ በእግር ነው። ጆንያ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ማን ነው? ዓይኑ ከተማውን ሳይሆን ጆንያውን ሲጠብቅ ይውላል።

ከሰዓት በኋላ ኳስ አለ። ግጥሚያው በየትኛው ሜዳ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በስታዲየም በር ላይ ፍተሻ አለ። ዱላ፣ ቢላዋ፣ ጠርሙስ አያስገቡም። ዱላ የለመደ ሰው ባዶ እጁን ሲሄድ ቅር ይለዋል። ቢሆንም ዱላውን በር ላይ ጥሎ ከመግባት እቤት ትቶት መምጣት ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። «ዘመድ ቤት ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ወጋችን ነው፤ ይህን ተዉ አንልም። ነገር ግን ዘመድ የሚደሰተው በክብደቱ አይደለም። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ወገብ ይሰብራል። አንድ ኪሎ የተነጠረ ቅቤ፣ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ሆኖ፣ ያኮራል። ማርም እንደዚሁ ነው። ዶሮ ግን ይቅርባችሁ፤ ዶሮ ኳስ አታይም። እንደ ደረሳችሁ መጀመሪያ ስጦታውን ዘመድ ቤት አድርሱ። ከዚያ እጃችሁን እያወዛወዛችሁ ከተማ ውጡ።

ቀጥሎ እናስላ። አንድ ግጥሚያ 90 ደቂቃ ነው። ዕረፍቱ 15 ደቂቃ ነው። በ9 ሰዓት ቢጀመር 10 ሰዓት ከ45 ይሆናል። ዳኛው የሚጨምረው ደቂቃም አለ። ለመውጣት ግፊያ አለ። በዚያ ሰዓት ወደ ገጠር የሚሄድ መኪና ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ።

ለዚህ ጋቢ ይበቃል። በሌሊት መንገድ ይለበሳል። በሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ታጥፎ ይነጠፋል። ማታ ብርድ ልብስ ይሆናል። የሦስት ዕቃ ሥራ በአንድ ጋቢ ተሠራ ማለት ነው።

የጓዝ ዝርዝር፦
1. ጋቢ
2. አንድ ቅያሪ ልብስ
3. ሳሙናና የጥርስ መፋቂያ
4. ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ
5. መታወቂያ
6. መድኃኒት ለሚወስድ ሰው መድኃኒቱ
7. ገንዘብ
8. ወረቀትና እስክሪብቶ

ገንዘብ በአንድ ኪስ አይያዝም። የመመለሻውን ለብቻ አድርጋችሁ በውስጥ ኪስ ያዙ። በወረቀቱ ላይ የዘመዳችሁን ስም፣ ሰፈሩንና ስልክ ቁጥሩን ጻፉ። የስልክ ባትሪ ያልቃል፤ የተጻፈ ግን አያልቅም።

ዝርዝሩን በእጃችሁ ጻፉ። ዕቃችሁን መደብ ላይ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ እያነበባችሁ አስገቡ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ዕቃ ወደ ቦታው ይመለስ። «ምናልባት ይጠቅመኝ ይሆናል» የሚባል ዕቃ ነው ቦርሳ የሚያከብደው።

ድሮ ያላነበበ ሰው ከተማ ሲሄድ የሚያነብለት ሰው ይከተለው ነበር። ዛሬ የመኪናውን ታፔላ ራሳችሁ ታነባላችሁ። በትኬቱ ላይ ያለውን የበር ቁጥር ራሳችሁ ታነባላችሁ። ይህ ዕውቀት አብሯችሁ ይሄዳል፤ ክብደት ግን የለውም።

ስትመለሱ በቦርሳው ውስጥ ትንሽ ቦታ ይኑር። ለልጆች ደብተር ይገባበታል።

ጥያቄ
1. ጋቢ ለስንት ነገር ያገለግላል?
2. ግጥሚያው በ10 ሰዓት ቢጀመር በስንት ሰዓት ያልቃል?
3. ለዘመዳችሁ ምን ትወስዳላችሁ? ለምን?

የሚጻፍ፦ የራሳችሁን የጓዝ ዝርዝር በደብተራችሁ ጽፋችሁ በሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ።