አበል የለመደ ሽምግልና
ለድሬዳዋ ሽማግሌዎች የተሰጠ ማስጠንቀቂያ

ለአገር ሽማግሌዎች፣ ለእድርና ለሌላው የመረዳጃ ማኅበር ለአፎቻ ሰብሳቢዎች፣ በየቀበሌው የሰላም ኮሚቴ ለምትቀመጡ እኩዮቼ፤

ይህ ቃል ለወጣቱም፣ ለፖሊሱም፣ ለከንቲባውም አይደለም። ለእኛ ለሸበትነው ነው። ሁለት ወገን ሲጣላ መሀል ገብተን «ተው» ስንል የምንሰማበት ቀን እያነሰ ነው። ሁላችንም አይተነዋል፤ በየበርጫውም «ልጆቹ ተበላሹ» እያልን እናልፈዋለን። ከልጆቹ በፊት ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ሽምግልና አበል ለምዷል።

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር የምትተዳደር፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። እንደ ክልሎቹ ሁሉ ከፌዴራል በጀት ድጎማ ታገኛለች፤ ድጎማው የሚከፋፈልበትን ቀመር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ገንዘቡ ሲመጣ በአመዛኙ በጥቅል ነው፤ «ይህ ለፖሊስ፣ ይህ ለፍርድ ቤት» ተብሎ አይታሰርም። ከከተማዋ የራስ ገቢ ጋር ተደምሮ እዚሁ ይደለደላል። ስለዚህ የፖሊሱ ደመወዝና ነዳጅ፣ የመንገዱ መብራት፣ ለእኛ የሚከፈለው ውሎ አበልም ከውኃው፣ ከትምህርት ቤቱና ከጤና ጣቢያው ጋር ከአንድ ከረጢት ይወጣል።

ከረጢቱ ደግሞ እየሳሳ ነው። በ2014 በጀት ዓመት ከጸደቀው 561.7 ቢሊዮን ብር ለክልሎችና ለከተማ አስተዳደር ድጎማ የተያዘው 204 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በ2017 ጠቅላላው በጀት 971.2 ቢሊዮን ሲደርስ ድጎማው 222.7 ቢሊዮን ላይ ቀረ። ከሲሶ በላይ የነበረው ድርሻ ሩብ እንኳ አልሞላም። በመካከሉ የዋጋ ንረት በዓመት 30 በመቶን አልፎ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ቁጥሩ ጨመረ፣ የሚገዛው ግን ቀነሰ። የከተማችን ሥራ አልቀነሰም። በነሐሴ 2014 ነፃ የንግድ ቀጣናው ተመርቋል፤ የጅቡቲው መስመር ሰውም ዕቃም ያመጣል፤ ከዕቃው ጋር ኮንትሮባንዱም፣ ሰው አሻጋሪውም ይመጣል።

እንዲህ በሳሳ ገንዘብ ላይ ነው ሽምግልናን ያሳረፍነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ ሰኔ ላይ፣ ምክክር ይበዛል። አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ሻይ ቡናው ይቀርባል፣ የፊርማ ወረቀት ይዞራል፣ ፖስታ ይታደላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠሪ የለም። ጠብ ግን የበጀት ዓመት አያውቅም። ሐምሌ ላይ የፈሰሰ ደም ሰኔን አይጠብቅም።

ቅርብ ጊዜ ሁለት የባጃጅ ልጆች በተራ ተጣልተው፣ እያንዳንዳቸው ወገናቸውን ጠርተው ሊደባደቡ ሲሉ ሦስት ሆነን መሀል ገባን። አንዱ ልጅ ቀና ብሎ አየንና «አባባ፣ ለዛሬው ስንት ተከፈላችሁ?» አለ። ለዚያ ቀን ማንም ሳንቲም አልከፈለንም። እንዲህ ብለንም ነገርነው፤ ከቆሙት ውስጥ ያመነን አንድም ሰው አልነበረም። የስድብ ቃል ቢሆን ኖሮ ይቅር ይባል ነበር። ይህ ግን ጥያቄ ነበር፤ ለመጠየቅም ምክንያት ነበረው።

በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት ማግስት ከተማችን ለቀናት ስትታመስ የሆነውን አስታውሱ። ነገሩ በወጣቶች መሀል ብቻ አልቀረም፤ ቅሬታው በአስተዳደሩ አሠራርና በሥልጣን ክፍፍሉም ላይ ነበር። በሕዝብ ዓይን አስተዳደሩ ራሱ አንድ ወገን ሆኖ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን የአስተዳደሩን አበል በኪሱ የያዘ ሽማግሌ ምን ብሎ መሀል ይገባል? ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው በአንድ ሰፈር በሚኖርባት ድሬ፣ ሽማግሌ የሚሰማው የማንም ተከፋይ ስላልሆነ ነው። ይህ ከሄደ ሽበታችን ብቻውን ማንንም አያስታርቅም።

ሽምግልና በሕግም ቦታ እንዳለው ላስታውስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በባህልና በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል። ጎረቤታችን ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. ባህላዊ ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁሟል። የኢሳዎች ባህላዊ ሕግ፣ ሔር፣ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ያ ሕግ ለትውልድ ሲተላለፍ የኖረው በሽማግሌ ቃል ነው። መንግሥት ለሽምግልና ዕውቅና ይስጥ፤ እሰየው። ዕውቅና ግን ሌላ ነው፣ ክፍያ ሌላ።

«ገንዘቡ አይቋረጥም» የሚል ካለ ወደ ሀብታሞቹ ይመልከት። በአሜሪካ ለከተሞች ፖሊስ፣ ፍርድ ቤትና ወንጀል መከላከል የሚሰጠው የፌዴራል ድጋፍ ዋነኛው፣ በ1988 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የምስክር ቤት ሲጠብቅ በተገደለው ወጣት ፖሊስ በኤድዋርድ በርን ስም ይጠራል። እንዲህ ሥር የሰደደ አሠራር ባለበት አገር፣ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የፍትሕ ሚኒስቴሩ ከ360 በላይ የድጋፍ ውሎችን ባንድ ጊዜ አቋረጠ፤ የተፈቀደላቸው ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በየሰፈሩ ወጣት ከወጣት ያስታርቁ የነበሩ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት የዩኤስኤይድ ገንዘብ ሲታገድ እኛም አገር በእሱ የቆመ ብዙ ሥራ ቆመ። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ቃሌን አታጣምሙብኝ። ፖሊስ በባዶ ሆዱ ይሥራ አላልሁም። ደመወዙ ያላኖረው ፖሊስ ወይ ይሄዳል፣ ወይ እጁን ይዘረጋል። ፖሊስን፣ ፍርድ ቤትን፣ ማረሚያ ቤትን፣ መብራትን በጀት ይቻላቸው፤ የበጀት ሥራው ነው። የእኛ ሥራ «ለሌሊት ጥበቃው ስንት ተያዘ? የትኛው ሰፈር ጨለማ ነው? ያለፈው ዓመት ገንዘብ የት ዋለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ፖስታ የተቀበለ ሽማግሌ ይህን አይጠይቅም። ቢጠይቅም ድምፁ ይሰለላል።

እንግዲህ የማስጠነቅቃችሁ አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለማስታረቅ ከመንግሥትም፣ ከፓርቲም፣ ከነጋዴም፣ ከተራድኦ ድርጅትም ገንዘብ አትቀበሉ። የትራንስፖርትና የሻይ ወጪ ካለ ከእድሩና ከአፎቻው ሳጥን ይውጣ፤ በመዝገብ ተጽፎ ለአባላት ይነበብ።

ሁለተኛ፣ የሰፈር ጥበቃ መዋጮ ከየቤቱ መሰብሰቡ አይቅር። ዘበኛው በፖሊስ ይታወቅ፣ ደመወዙ ግን ከነዋሪው ይሁን። በድጎማ የተቀጠረ ዘበኛ ድጎማው የቀረ ዕለት ይሄዳል፤ መዋጮውም አንዴ ከተረሳ መልሶ ለመጀመር ዓመታት ይፈጃል።

ሦስተኛ፣ በጀት ያጠረው ጣቢያ «በሽምግልና ጨርሱት» ብሎ የሚገፋላችሁን ሁሉ አትቀበሉ። ነፍስ የጠፋበት፣ ሴት ልጅ የተደፈረችበት፣ ሕፃን የተጎዳበት ጉዳይ የሕግ ነው። የጣቢያውን ድካም በተበዳይዋ ዕንባ አንሸፍንለትም። በኋላ ቂሙን ብናወርድ እንኳ ክሱን አናቋርጥም።

አራተኛ፣ የከተማው በጀት ሲወሰን ዝም አትበሉ። ተወካዮቻችሁን ከሰኔ በፊት ጠይቁ፤ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ አዳራሽ መቀመጥ ምስክርነት እንጂ ምክክር አይደለም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ነፍስ ሲቀጥፍ፣ በየእድሩና በየአፎቻው ቀባሪውም አስተዛዛኙም አበል ጠይቆ አልወጣም። ያን ያደረገው ትውልድ እኛው ነን፤ ስለዚህ አይቻልም የሚል ሰበብ የለንም።

በመጪው ሰኔ ፖስታው ሲዞር እጃችሁን ሰብስቡ። አንሰበስብም የምትሉ ካላችሁ ግን በሚቀጥለው ጠብ መሀል አትግቡ፤ ልጆቹ ዋጋችሁን አውቀውታል።