በሚዛን የሚሸጥ ታሪክ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የሀብታም ቤት እመቤት ከእጇ የማትለየው አንድ ትንሽ ቁልፍ ነበራት። የወርቅ ሣጥን ቁልፍ አይደለም፤ የሻይ ቅጠል ሣጥን ቁልፍ ነው። ሠራተኛዋ ውኃ ታፈላለች፣ ስኒ ታቀርባለች፤ ቅጠሉን መስፈር ግን የእመቤቲቱ ሥራ ነበር። ከቻይና በመርከብ የሚመጣው ቅጠል ላይ መንግሥት የጫነው ቀረጥ ከሸቀጡ ዋጋ እስከ መብለጥ ደርሶ ነበርና ሠራተኛ አይታመንም። በ1784 (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፓርላማው ቀረጡን ከ119 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ ሲያወርደው የኮንትሮባንዱ ገበያ ደረቀ። ሣጥኑ ግን ከዚያም በኋላ ከነቁልፉ መሠራቱን ቀጠለ። እንግዳ ፊት ቁልፍ ማዞር ክብር ሆኖ ቀርቷል።

ዛሬ እነዚህ ሣጥኖች የሰብሳቢዎች ንብረት ናቸው። ከማሆጋኒ እንጨት፣ ከኤሊ ቅርፊት፣ ከብር የተሠሩ አሉ። ውስጣቸው ብዙ ጊዜ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ለአረንጓዴው ሻይ፣ አንዱ ለጥቁሩ። በጣም የሚፈለጉት በዕንቁ ፍሬና በፖም ቅርጽ ከእንጨት የተጠረቡት ናቸው። በዚህም ምክንያት አስመስሎ የሚሠራቸው ሰው በዝቷል። ልምድ ያለው ሰብሳቢ የእንጨቱን ውበት ከማድነቁ በፊት ማጠፊያውን፣ የቁልፉን ቀዳዳና የውስጡን ልባስ ያጤናል፤ የተቀየረ ነገር የሚገኘው እዚያ ነው። እንግሊዞች ለሣጥኑ ያወጡለት ስም ከማላይ ቋንቋ የመጣ የክብደት መለኪያ ስም ነው፣ 600 ግራም ገደማ። ሣጥኑ ገና ሲጠራ ሚዛን ይነሣል ማለት ነው።

አሁን አሳሳቢ የሆነውም ሚዛን ነው። ከሻይ ሣጥኑ አጠገብ የሚቀመጡት የብር ማንኪያዎች፣ የብር ጀበናዎችና የብር ሳህኖች በሕይወት የሚቆዩበትም የሚጠፉበትም ምክንያት ክብደታቸው ሆኗል። በ2001 አንድ አውንስ ብር ከ5 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። በጥቅምት 2025 ከ50 ዶላር በላይ ወጣ። 600 ግራም የሚመዝን ተራ የሻይ ጀበና ውስጥ 18 አውንስ ገደማ ንጹሕ ብር አለ። በ2001 ዋጋ ቢቀልጥ 90 ዶላር እንኳ አያወጣም ነበር፣ ስለዚህ ማንም አላቀለጠውም። በ50 ዶላር ሂሳብ ግን 900 ዶላር ያህል ያወጣል። በጨረታ ቤት የሚገኝለት ገዢ ከዚያ በታች የሚከፍል ከሆነ፣ ወራሾቹ ወዴት እንደሚወስዱት መገመት አያቅትም። የዛሬ ሰው የብር ጀበና ማጽዳት አይፈልግም፤ የሰሃን ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የማይገባ ዕቃ ለልጆቹ ዕዳ ነው።

የሚቀልጠው ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ የእንግሊዝ የብር ማንኪያ ገልብጦ ማየት ይበቃል። እጀታው ጀርባ ላይ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ማህተሞች ተደርድረዋል። የሚራመደው አንበሳ ከ1,000 ክፍል 925ቱ ብር መሆኑን ይመሰክራል። የነብር ራስ ካለ ለንደን ተፈትኗል፣ መልሕቅ ካለ በርሚንግሃም፣ ግንብ ካለ ኤድንብራ። አንዲት ፊደል ዓመቱን ትናገራለች፤ ለንደን ይህን የፊደል ሥርዓት የጀመረችው በ1478 ነው። ሁለት ፊደላት ደግሞ የአንጥረኛው ስም ምልክት ናቸው። ከ1784 እስከ 1890 በተሠሩት ላይ የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ ራስ ይታከላል፤ ይህ ግብር ተከፍሏል የሚል ምልክት ነው፣ ልክ እንደ ቴምብር። አንድ ማንኪያ ማን እንደሠራው፣ የት እንደተፈተነ፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነና መንግሥት ድርሻውን ማግኘቱን ራሱ ይናገራል። ምስክር መጥራት አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ የደነገጉት ሰዎች ስለ ታሪክ ደንታ አልነበራቸውም። የፈለጉት ብር ውስጥ መዳብ የሚቀላቅለውን አጭበርባሪ መያዝና ግብር መሰብሰብ ነበር። ማህተሙን ማስመሰል በአንድ ወቅት በሞት ያስቀጣ ነበር። ታሪኩ የተገኘው እንደ ምርቃት ነው። ሆኖም ዛሬ የትኛውም የሙዚየም ባለሙያ ሊጽፈው የማይችለውን መዝገብ ትቶ አልፏል፤ ንጉሥ ሳይሆኑ፣ ጄኔራል ሳይሆኑ፣ በእጃቸው ሠርተው የኖሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አንጥረኞች ከነዓመታቸው የሚታወቁት በዚህ ነው።

ብር መቅለጡ አዲስ ነገር አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሉዊ 14ኛ በ1689 የጦርነት ወጪ ሲበዛበት የቬርሳይን የብር ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ወደ ገንዘብ ማተሚያ ልኳቸዋል። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜም የኦክስፎርድ ኮሌጆች የብር ዕቃ የንጉሡ ወታደሮች ደመወዝ ሆኗል። ግን እነዚያ ቢያንስ ጦርነት ነበረባቸው። በ1980 መጀመሪያ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ሁለት የቴክሳስ ባለጸጋ ወንድማማቾች፣ ሀንቶች፣ ብሩን ሰብስበው በመያዛቸው ዋጋው በጥር ወር 50 ዶላር ገደማ ደረሰ፤ ሰው የአያቱን ማንኪያ ይዞ ወደ አቅላጭ ሮጠ። መጋቢት 27 ቀን ዋጋው ከ11 ዶላር በታች ወረደ። የዋጋው ትኩሳት ጥቂት ወራት ቆየ። የቀለጠው ማንኪያ ግን ዋጋው ሲወርድ ተመልሶ ማንኪያ አልሆነም።

ሰዓት ከዚህ ዕጣ ያመለጠ ይመስላል። ብረትና ናስ ስለሆነ ማንም አያቀልጠውም። በእንግሊዝ ሰዓት ሠሪዎች ሁሉ ላይ የሚቀመጠው ቶማስ ቶምፒየን፣ በ1713 ሞቶ በዌስትሚኒስተር አቢ የተቀበረው፣ ሰዓቶቹ ላይ ተራ ቁጥር ይቀርጽ ነበር። ነገር ግን ረጃጅሞቹ የቁም ሰዓቶች ሌላ በሽታ አለባቸው። የአንዱ ሰዓት ማሽን ከሌላው ሣጥን ጋር ይገጠማል፤ ነጋዴዎቹ ይህን በፌዝ ጋብቻ ይሉታል። ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፣ ሲከፈት ሁለት የማይተዋወቁ ሰዓቶች። ዋጋቸውም ላለፉት አሥርት ዓመታት ወርዷል፤ የአሁኑ አፓርታማ ጣሪያ አይበቃቸውም፣ ድምፃቸውም እንቅልፍ ይነሣል።

ስለዚህ ሰብሳቢ ሲባል ገንዘብ የተረፈው ሥራ ፈት ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ከአቅላጩና ከማንኪያው መሀል የቆመ ሌላ ሰው የለም። ሙዚየም ሁሉን ማንኪያ አይገዛም፣ መግዛትም የለበትም። በሌላ በኩል ሰብሳቢውን እንደ ታሪክ ባለአደራ ማንቆለጳጰስም ይበዛበታል። የሌላ ቤተሰብ አርማ የተቀረጸበትን ሳህን ፍቆ የራሱን ስም ያስቀረጸ ሰብሳቢ ነበር፤ የገዛበትን ደረሰኝ የጣለ፣ ከማን እንደገዛ የማይናገርም ሞልቷል። ሰብሳቢ የሚመዘነው በያዘው ዕቃ ብዛት ሳይሆን ከዕቃው ጋር በያዘው ወረቀት ነው።

ይህን ከኢትዮጵያ በላይ የሚያሳይ አገር የለም። አማርኛ ራሱ ማዕድኑንም ገንዘቡንም ብር ብሎ ነው የሚጠራው፤ በማርያ ትሬዛ ዘመን ሁለቱ አንድ ነበሩና። ሳንቲሟ 28 ግራም ትመዝናለች፣ ከዚያ ውስጥ 23.4 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። መስቀል ወይም አልቦ የሚያሠራ ሰው ለአንጥረኛው ይህን ያህል ማርያ ትሬዛ ቆጥሮ ይሰጣል፣ አንጥረኛው ያቀልጣል፣ ዕቃው ይወጣል። እንግሊዞችም በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንዲሁ ገንዘባቸውን እያቀለጡ ጀበና ሲያሠሩ መንግሥታቸው ደንግጦ በ1697 የዕቃውን ብር ከሳንቲሙ የጠራ እንዲሆን አስገደደ። በኢትዮጵያ አስገዳጅ አልነበረም። ሳንቲሟ ላይ የነበረው ጽሑፍ እሳት ውስጥ ቀረ፤ በምትኩ የተጻፈ ነገር የለም። የአንጥረኛው ስም የለም፣ ዓመቱ የለም፣ ቦታው የለም።

ስሙ ያልተጻፈው ማህተም ስላልነበረ ብቻ አይደለም። በእጁ የሚሠራ ሰው ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ በሚሰደብበት አገር ሥራው ላይ ስሙን ሊቀርጽ ማን ይደፍራል? ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር ስለሰደደ ነው። ለንደን አንጥረኛዋን በሕግ አስገድዳ ስሙን አስመታች፤ እዚህ ስድቡ ስሙን አስደበቀው። መስቀሉን ሁሉ ይሳለማል፣ የሠራውን ማንም አይጠይቅም።

ውጤቱ ዛሬ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ባሉት የቱሪስት ዕቃ ሱቆች ይታያል። የአንገት መስቀል፣ አምባር፣ የእግር አልቦ ተደርድሯል። አሮጌ ነው ይባላል። ስንት ዓመቱ? አሮጌ ነው። ከየት መጣ? ከገጠር። ከዚያ ሚዛን ይመጣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን ሻንጣ የሚፈትሽ ሰው የመቶ ዓመቱን መስቀል አምና ተሠርቶ ሆን ተብሎ ከጠቆረው በምን ይለየዋል? ማህተም የሌለው ዕቃ ላይ ሕግ ዐይኑን ያጣል። የዓለም የብር ዋጋ እንዲህ ሲወጣ ደግሞ አሮጌውን አልቦ አቅልጦ አዲስ የጆሮ ጌጥ ማሠራት ለባለቤቱም ለአንጥረኛውም ያዋጣል። ማንንም መውቀስ አይቻልም። የዕቃው ታሪክ ዋጋ ያለው መሆኑን የነገራቸው የለም።

ወረቀት ምን እንደሚሠራ መቅደላ ያሳያል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ድል አድርጎ የዘረፈውን በ15 ዝሆኖችና 200 ገደማ በሆኑ በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለራሱ መኮንኖች በጨረታ ሸጠው፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። ሌላው በየመኮንኑ ቤት ገባ። በ2021 ከእነዚህ አንዱ፣ በእጅ የተጻፈ የሃይማኖት መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች፣ በእንግሊዝ ዶርሴት ለጨረታ ቀረበ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተቃወመ፣ ዕቃዎቹ ከጨረታው ወጡ፣ በኋላም ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን ገዝቷቸው ለኢትዮጵያ ተመለሱ። ያስመለሳቸው የዋንጫው ውበት አይደለም። በዘመቻው ከነበረ መኮንን ቤተሰብ መምጣታቸው ስለታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ። ከመቅደላ የመጣ የሚለው ማስታወሻ ለመቶ ዓመት በላይ የዕቃውን ዋጋ የሚያስወድድ ማስታወቂያ ነበር። አሁን ዕቃውን ከባለቤቱ የሚያስወስድ ማስረጃ ሆኗል። ይህን የተረዳ ሰብሳቢ ማስታወሻውን ቀድዶ የብር መስቀሉን ያለ ስም ሊሸጠው ይችላል። ማስመለስን የሚጠይቁ ሰዎች ይህንን ከወዲሁ ማሰብ አለባቸው፤ ወረቀቱን አሳይቶ ዕቃውን የሚመልስ ሰው እንደ ሌባ ልጅ ከሚቆጠር እንደ ክብር እንግዳ ቢቀበሉት ቀሪዎቹ መሳቢያዎች የመከፈት ዕድል አላቸው። ፍትሕ አይመስልም። የሚቀደደው ወረቀት ግን ቅጂ የለውም።

ከውጭ የሚመጣው እስኪመጣ፣ አገር ውስጥም ሆነ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭና ዱባይ ባሉ የሐበሻ ቤቶች ያለው የብር ጌጥ ወረቀት ያስፈልገዋል። ሥራው ቀላል ነው። አያት በሕይወት ሳሉ መጠየቅ፦ ማን ሠራው፣ በየትኛው ከተማ፣ በስንት ማርያ ትሬዛ፣ ለየትኛው ሠርግ። መመዘን፣ ፊትና ጀርባውን ፎቶ ማንሣት፣ በእጅ ጽፎ ከዕቃው ጋር ማስቀመጥ። ለመሸጥ የተገደደ ሰው እንኳ ወረቀቱን አብሮ ይስጥ። ሊያቀልጥ የወሰነ ደግሞ ፎቶውን ያስቀር። አብያተ ክርስቲያናትም በዕቃ ቤታቸው ያለውን በመዝገብ ሲያሰፍሩ የብር መስቀል አንድ ብለው ማለፋቸውን ቢተዉት ጥሩ ነው፤ እንዲያ የተጻፈ መስቀል ቢሰረቅና በአዲስ ቢተካ መዝገቡ ልዩነቱን አያውቅም።

በአንዳንድ የአንገት ጌጦች ላይ ማርያ ትሬዛ ሳትቀልጥ እንዳለች በጆሮ ተንጠልጥላ ትታያለች። 1780 ይላል። ዓመቱ አያታልል፤ ሳንቲሟ በዚሁ ዓመት ስም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይ ውስጥ ስትመታ ቆይታለች። የትኛዋ የት እንደተመታች በጡቷ ላይ ባለው ፒን ዙሪያ በተደረደሩት ዕንቁዎችና በንስሩ ጅራት ላባዎች የሚለዩ ሰብሳቢዎች አሉ። ብዙዎቹ አውሮፓ ናቸው። ጌጡን ያጠለቀችው ሴትዮ ግን ከእናቷ ሠርግ እንደመጣ ታውቃለች፣ እስካሁንም የጻፈላት የለም።