ቀመር የሚሰላ እንጂ የሚሸመደድ አይደለም

በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ ደጋማ አካባቢዎቻችን አሲዳማ አፈር ምርት እንደሚቀንስ ለገበሬው አዲስ ወሬ አይደለም። መድኃኒቱም ይታወቃል፤ መሬቱን በኖራ ማከም ነው። ይሁን እንጂ ኖራ እየተባለ የሚጠራው ነገር አንድ አይደለም። ከድንጋይ ተፈጭቶ የሚገኘው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ያው ድንጋይ በምድጃ ሲቃጠል ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል፤ በዚህ ላይ ውኃ ሲጨመርበት ደግሞ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይገኛል። ሦስቱም አሲድን ያመክናሉ፤ ጉልበታቸው ግን እኩል አይደለም። ንጹሕ ከሆኑ፣ 100 ኪሎ ግራም ካርቦኔት የሚሠራውን ሥራ 74 ኪሎ ሃይድሮክሳይድ ወይም 56 ኪሎ ኦክሳይድ ይሠራዋል። በዚያ ላይ ኦክሳይዱ ውኃ ሲነካው በኃይል ስለሚግል ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ የተፈጨው ድንጋይ ይህ ጠባይ የለውም። ሦስቱም ነጭ ዱቄት ስለሆኑ ዓይን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ቀመራቸው ነው። ስለዚህ የአዮናዊ ውህዶች ቀመርና ስም በትምህርት ቤት የሚሰጥበት መንገድ የኬሚስትሪ መምህራን ብቻ ጉዳይ አይደለም። በብዙ ክፍሎች እንደ ግጥም በቃል የሚያዘው ይህ ትምህርት ከሒሳብ ጋር መታረቅ አለበት ባይ ነኝ።

ሒሳቡ ደግሞ ከባድ አይደለም። ካልሲየም ሁለት ኤሌክትሮን ሲያጣ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን ይሆናል። ክሎሪን አንድ ኤሌክትሮን ሲቀበል አንድ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ውህዱ በጠቅላላው ቻርጅ ስለማይኖረው፣ ገቢና ወጪው እኩል ሆኖ እንደሚዘጋ መዝገብ፣ ለአንድ ካልሲየም ሁለት ክሎራይድ ያስፈልጋል። ኦክሳይድ ግን ሁለት ኔጋቲቭ ስላለው ከካልሲየም ጋር አንድ ለአንድ ይጣመራል። ሦስት ፖዘቲቭ ያለው አሉሚኒየም ከኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ወገኖች የሚገጥሙት ስድስት ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለት አሉሚኒየም፣ ሦስት ኦክሳይድ ይሆናል። በስሙ ውስጥ ፖዘቲቩ ይቀድማል፣ ኔጋቲቩ ይከተላል፤ ብዛታቸው አይጠራም። ቻርጁን ለሚያውቅ ሰው ብዛቱ ከስሙ ይሰላልና መጥራት አያስፈልግም። እንደ ብረት ከአንድ በላይ ቻርጅ ሊይዝ የሚችል ንጥረ ነገር ሲመጣ ብቻ ቻርጁ በስሙ ላይ ይታከላል። አይረን ሦስት ክሎራይድ ስንል ሦስቱ የብረቱን ቻርጅ ይናገራል እንጂ የብረቱን ብዛት አይደለም፤ ውህዱ ውስጥ ለሦስት ክሎራይድ ያለው ብረት አንድ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ይህ ምክንያት ተዘልሎ አቋራጩ ብቻ ሲሰጥ ነው። ክሪስ ክሮስ የሚባለው ዘዴ የአንዱን ቻርጅ ለሌላው ቁጥር አድርጎ ማመሳቀል ነው። አሉሚኒየም ኦክሳይድ ላይ ይሠራል። ካልሲየም ካርቦኔት ላይ ሲደርስ ግን ሁለት ካልሲየምና ሁለት ካርቦኔት ይሰጣል፤ ተማሪው ማቃለል እንዳለበት ካልተነገረው፣ ከተነገረውም ለምን እንደሆነ ካልገባው፣ የስህተቱ ምንጭ አይታየውም። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ላይ ደግሞ ቅንፍ ይመጣል። ሃይድሮክሳይድ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተጣምረው የሚፈጥሩት አንድ አዮን ስለሆነ ቁጥር ሁለት የሚያበዛው መላውን አዮን ነው። ቅንፉን የረሳ ተማሪ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ብቻ ይጽፋል፤ የውህዱን ቀመራዊ ክብደትም 74 በማለት ፈንታ 58 ብሎ ያሰላል። አንድ ቅንፍ በመጉደሉ የኖራው መጠን ከአንድ አምስተኛ በላይ ተዛባ ማለት ነው። ለሸመደደ ተማሪ ቅንፍ የጽሕፈት ጌጥ ነው፤ ለሚያሰላ ግን የልኩ አካል ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ገበታችን ላይ አለ። የእንቅርት በሽታን ለመከላከል የኢትዮጵያ ጨው፣ ከአፋር አፍዴራ የሚመጣውን ጨምሮ፣ አዮዲን የሚታከልበት በፖታሲየም አዮዴት መልክ ነው። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚገዙት የገበታ ጨው ማሸጊያ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተጽፎ የሚገኘው ፖታሲየም አዮዳይድ ነው። አዮዳይድ አዮዲን ብቻውን ሲሆን፣ አዮዴት አንድ አዮዲን ከሦስት ኦክስጅን ጋር ነው። ምርጫው በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም፤ በሙቀትና በእርጥበት፣ በበቂ ሁኔታ ባልተጣራ ጨው ውስጥ አዮዳይድ አዮዲኑን ቶሎ ያጣል፣ አዮዴት ግን ይጸናል። ልኩም ይለያያል። ከ100 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ ውስጥ 76 ግራም ገደማው አዮዲን ሲሆን፣ ከ100 ግራም ፖታሲየም አዮዴት ውስጥ ግን 59 ግራም ገደማ ነው። ለአዮዳይድ የተሰላ መጠን ይዞ አዮዴት የሚጨምር ሰው በጨው ውስጥ መኖር ከሚገባው አዮዲን ከአምስት አንዱን እጅ ያጎድላል። ስሙን በጆሮ ብቻ ያጠና ሰው ሁለቱን በቀላሉ ያምታታል፤ ቀመሩን የሚያሰላ ግን ልዩነቱን በወረቀት ላይ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል፤ ያለ ሽምደዳ ይህ ትምህርት አይሆንም ይባላል። እውነት አለው። ሰልፌት አራት ኦክስጅን፣ ናይትሬትና ካርቦኔት ሦስት ሦስት እንዳላቸው ከስማቸው አይታወቅም። በተለምዶ በአንድ ንጥረ ነገር ብቻ ለተሠራ አዮን የሚሰጠውን «ይድ» የሚል የመጨረሻ ድምፅ ሃይድሮክሳይድም ይዞት ይገኛል። እነዚህን በቃል መያዝ ግድ ነው። የኔ ክርክር ግን በቃል የሚያዘው የትኛው ይሁን የሚል ነው። 20 ፖዘቲቭና 15 ኔጋቲቭ አዮኖችን የያዘ ተማሪ 300 ጥምረቶችን በሒሳብ መጻፍ ይችላል። ውህዶቹን አንድ በአንድ የሸመደደ ግን ከሸመደደው ውጭ ላለው መልስ የለውም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዋዚዬና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1787 የስያሜ ሥርዓታቸውን ሲያወጡ ያሰቡትም ይህንኑ ነበር። ከዚያ በፊት ውህዶች በተገኙበት ቦታ፣ በቀለማቸው ወይም በሰው ስም ይጠሩ ስለነበር እያንዳንዱን ለብቻው ማወቅ ግድ ነበር። እነሱ ስሙ ራሱ የውህዱን ይዘት እንዲናገር አደረጉ። ያን ሥርዓት መልሶ የሽምደዳ ዝርዝር ማድረግ የተፈጠረበትን ዓላማ መሻር ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከክፍሉ ይመጣል። ተማሪው ብዙ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው፣ ፈተናውም ምርጫ ነው። ነገር ግን ቀመርን በምክንያት ማስተማር ቤተ ሙከራም ኬሚካልም አይጠይቅም፤ ጠመኔ ይበቃዋል። የምርጫ ጥያቄም ቢሆን ሊሻሻል ይችላል። ትክክለኛው ቀመር የትኛው ነው ብሎ ከመጠየቅ፣ የተሳሳተ ቀመር ሰጥቶ የትኛው ወገን ቻርጅ እንደተረፈ መጠየቅ የሚያስብን ተማሪ ከሚገምተው ይለያል። ስልክ ሁሉን ይመልሳል ለሚሉም መልሱ አጭር ነው። አይረን ሰልፌት ብሎ ለሚፈልግ ሰው ከአንድ በላይ ውህድ ይቀርብለታል፤ ለደም ማነስ የሚሰጠው አይረን ሁለት መሆኑን ለማስተዋል ቁጥሩ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን የተስተካከለ ቀመር ብቻውን ከአደጋ አያድንም የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በብራዚል ለራጅ ምርመራ የሚጠጣ ባሪየም ሰልፌት ከባሪየም ካርቦኔት ጋር ተቀላቅሎ በመገኘቱ ሰዎች ሞተዋል። የሁለቱም ቻርጅ የተመጣጠነ ነው፤ ሁለቱም አንድ ለአንድ ናቸው። ሰልፌቱ በጨጓራ አሲድ ስለማይሟሟ ሳይጎዳ ያልፋል፤ ካርቦኔቱ ግን ይሟሟና መርዛማውን የባሪየም አዮን ይለቃል። እርግጥ ነው፣ ቀመር የመጨረሻው እውቀት አይደለም። ይሁንና ካርቦኔት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን የተማረ ሰው፣ እርሻችንን የሚያክመው ጠባይ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ባሪየምን ገዳይ እንደሚያደርገው መገመት ይችላል። የቀመር ትምህርት ይህን ዓይነት ጥያቄ የሚያስጠይቅ መነሻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይደረግ። ትምህርት ቤቶች ተማሪ ቀመሩን ብቻ ሳይሆን የደረሰበትን የቻርጅ ሒሳብ ጭምር እንዲጽፍ ይጠይቁ፤ ነጥቡም ለሁለቱ ይከፈል። ኖራ፣ ማዳበሪያና ጨው የሚያቀርቡ ደግሞ በከረጢቱ ላይ ሙሉውን የኬሚካል ስምና የንጽሕናውን መጠን ያስፍሩ፤ ገዢው መሥሪያ ቤትም ያለዚያ አይረከብ። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው፤ ማንበብ የሚችል ከሌለ ጽሑፉ አይጠቅምም፣ ጽሑፉ ከሌለም ትምህርቱ ከፈተና ወረቀት አያልፍም።