ስለ አዳራሻችን ደረጃና ስለ ዳንስ ልጆቹ

ለማኅበራችን አባላትና ለሰፈሩ ነዋሪዎች በሙሉ፤

እንደሚታወቀው ቅዳሜ ቅዳሜ በአዳራሻችን የሚለማመዱት የዳንስ ልጆች የዘንድሮ ሥራቸውን እሑድ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. በትርዒት ዘግተዋል። ክረምቱ ሳይጠና እንጨርስ ብለው ነው። ልጆቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ሦስቱ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሲሆኑ አንዷ መስማት የተሳናት ናት። ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ እናቶች እልል አሉ። ያልመጣችሁ ብዙ ቀርቶባችኋል።

እውነቱን ለመናገር አምና አዳራሹን ሲጠይቁን ደስ አላለንም ነበር። ለዕድሩ ወንበርና ድስት ማስቀመጫ ጠፍቶ ሳለ ለጭፈራ ቤት እንሰጣለን እንዴ ያልነው እኛው ነን። በተለይ ባሌት እንሠራለን ሲሉን ጊዜ፣ ባሌት ማለት በእግር ጣት ጫፍ መቆም አይደለም ወይ፣ የተቀመጠ ሰው እንዴት አድርጎ ይሆናል ብለን ስቀን ነበር። ያ ሳቅ ዛሬ ያሳፍረናል። ልጆቹ የባሌቱን የክንድና የአንገት አያያዝ ወስደው ከእስክስታ ጋር አዋሕደውታል። እስክስታ ደግሞ የትከሻ ነገር ነው። በትከሻ በኩል በወንበር ያለችው ልጅ ከሁሉም ትበልጣለች። ወንበሩን በአንድ እጇ እያሾረች ትከሻዋን ስታንቀጠቅጠው አዳራሹ በሙሉ ጸጥ አለ። መስማት የተሳናት ልጅ የከበሮውን ምት ከጣውላው ወለል ላይ በውስጥ እግሯ ነው የምትቀበለው። ባዶ እግሯን የምትሆነው ለዚሁ ነው፤ እኛ ጫማ ያጣች መስሎን ነበር።

ነገሩ ለከተማችን አዲስ አይደለም። በፈረንጅ ቁጥር 1996 ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ እዚሁ አዲስ አበባ መጥቶ የጎዳና ልጆችን ዳንስ አሠልጥኗል፤ አዱኛ የሚባለው ቡድን ከዚያ ተወለደ። በኋላም አዳም ቤንጃሚን የሚባል ሌላ መምህር መጥቶ የአዱኛን ልጆች ከአካል ጉዳተኞች ጋር አብረው እንዲሠሩ አስተምሯል። ይህ ሰው ከሰለስት ዳንደከር ጋር ሆኖ በ1991 ለንደን ውስጥ ካንዱኮ የሚባለውን ቡድን ያቋቋመ ነው። ሰለስት በ1973 መድረክ ላይ ስትሠራ ወድቃ አከርካሪዋ የተጎዳና ከዚያ ወዲህ በወንበር የምትሄድ ዳንሰኛ ናት። ይህን ሁሉ የነገሩን ልጆቹ ናቸው። እኛ የምናውቀው ልጆች ሳለን በየቀበሌው የነበረውን ኪነት ብቻ ነው፤ በዚያ ኪነት ውስጥ እግሩ የማይሠራ ልጅ አይተን አናውቅም።

ይህን የምንጽፈው ግን ስለ ጭፈራው ብቻ ብለን አይደለም። ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ያቺ አዳራሹን ጸጥ ያሰኘች ልጅ አራት ጎረምሳ እንደ ጆንያ ተሸክሟት ወረደች። በየቅዳሜውም እንዲሁ ነው የምትወጣና የምትወርደው። አንድ ቀን ከተሸካሚዎቹ አንዱ አዳልጦት ለጥቂት ነው የተረፈችው።

ከደረጃው ሥር ድንጋይ ላይ ደግሞ አንድ የማኅበራችን አባት ተቀምጠው ከበሮውን ከውጭ ሲያዳምጡ አገኘናቸው። አባባ ይግቡ እንጂ ብንላቸው፣ «ልጄ፣ ይህን ደረጃ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ቀሪ እያልክ የምትጽፍብኝ አንተው አይደለህ እንዴ?» አሉን። ማታ መዝገቡን ገልጠን አየን። እውነታቸውን ነው። ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ 24 ስብሰባ ቀሪ ተብለዋል፤ በየስብሰባው 20 ብር መቀጫ ሲታሰብ 480 ብር ይሆናል። ጽሕፈቱ የእኛ ነው። ለምን ቀሩ ብሎ የጠየቀ ግን ከኮሚቴው አንድም ሰው የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ስለዚህ ግንበኞች ራምፕ የሚሉት ተዳፋት መውጫ ይሠራ እንላለን። ደረጃዎቹን ለክተናል። ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 16 ሳንቲ ሜትር፣ በድምሩ 48። ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ስለሚባል 5 ሜትር ከ76 ይመጣል። ይህም ከበሩ ተነሥቶ የድንኳን እንጨት እስከምንከምርበት ይደርሳል። እንጨቱ ወደ ጓሮ ሊዛወር ይችላል። ድንጋይና አሸዋ ከመጸዳጃ ቤቱ ሥራ የተረፈ አለን፤ የሚገዛው ሲሚንቶ ነው። አንድ አባል ጣውላ ጣል ይደረግ ብለው ነበር። ተሞክሯል። ባለ ሁለት ሜትር ጣውላ ቀጥ ያለ ዳገት ሆኖ ወንበሩን ወደ ኋላ ሊገለብጠው ደርሶ ነበር።

ለሦስት ልጅ ብለን የዕድር ገንዘብ እናፍስስ ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱን ሰምተናል። አይፈረድም፤ ገንዘቡ ለሐዘን ቀን የተጠራቀመ ነው። ነገር ግን ሦስት ልጅ ብቻ ነው ወይ? በከዘራ የሚሄደውንና ሕፃን ያዘለችውን ማን ቆጠረ? የድስቱስ ነገር? አራት ሰው እያቃሰተ አይደለም ወይ የሚያወጣው? ደግሞም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። የእኛ አዳራሽ ከአዋጁ በፊት የተሠራ ነው፣ አይመለከተንም የሚሉ አሉ። እኛ የሕግ ሰው አይደለንም፤ ግን አዋጅ አያስገድደንም ብሎ ሰውን ውጭ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ክርክር ነው?

ልጆቹ በመስከረም ተመልሰው አዳራሹን እንደሚጠይቁ ነግረውናል። በዚያው ሰሞን ለሠርግ ኪራይ የሚፈልጉትም አሉ። ቅዳሜ ጧት ለልጆቹ ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ይከራይ የሚለው የእኛ ሐሳብ ነው። ሌላ ሐሳብ ያለው ያምጣ።

ጠቅላላ ጉባኤው እሑድ ሐምሌ 6 ቀን ከጧቱ በ3 ሰዓት ይደረጋል። አዳራሹ ውስጥ አይሆንም፤ ግቢው ላይ ድንኳን እንተክላለን። ዝናብ ነው፤ ጥላ ያዙ። የእኒያ አባት 480 ብር ጉባኤው ካልሰረዘው በቀር በእኛ ሥልጣን አይፋቅም፤ አንደኛ አጀንዳ አድርገን ጽፈነዋል። ወንበር የሚያቀብል አንድ ወጣት ከጧቱ በ2 ሰዓት ቤታቸው ይላካል።

የማኅበሩ ጸሐፊ