ተራራ የማይጠይቅ ምርምር

በጂዛን ክልል የሚገኙት የፈይፋ ተራሮች የሚታወቁት በቡና እርከናቸው እንጂ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ አይደለም። ጨለማ ቁስ የተባለውን፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቀውን የዩኒቨርስ ክፍል በቀጥታ ለመለየት የሚጥሩት መሣሪያዎች ርቀው ይገኛሉ። አንዱ ዜኖን ኤንቲ ነው፤ በኢጣሊያ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር፣ 1400 ሜትር ያህል በሆነ ዐለት ተከልሎ፣ ከ8 ቶን በላይ ዜኖን ይዟል። ከባሕረ ሰላጤው አካባቢ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የአቡ ዳቢ ቅርንጫፍ ይሳተፍበታል።

ይህን የሰማ የጂዛን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ወይም በሳምጣ አልያም በአቡ አሪሽ ከኢትዮጵያውያን ወላጆቹ ጋር የሚያድግ ወጣት፣ ጉዳዩ እንደማይመለከተው ቢያስብ አይፈረድበትም። ሆኖም ይሳሳታል።

መሣሪያው የሚመዘግበው ጥቃቅን ብልጭታ ነው። ብልጭታው ከጨለማ ቁስ ስለ መምጣቱ ለመፍረድ፣ ምን ያህል ብልጭታ፣ በምን ያህል ጉልበት መታየት እንደነበረበት አስቀድሞ መሰላት አለበት። ዊምፕሬትስ፣ ዲዲካልክና ኔስት የተባሉት ፕሮግራሞች የተሠሩት ለዚህ ነው። በነፃ ይገኛሉ፤ ውስጣቸውም ለሁሉም ክፍት ነው።

ስሌታቸው ግን በግምት ላይ ይቆማል። በፀሐይ አካባቢ ያለው ጨለማ ቁስ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.3 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል፣ የፀሐይ ጉዞም በሴኮንድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተደርጎ ይወሰዳል። ጉዞው ደነብ ወዳለበት የሰማይ ክፍል ነው፤ በሐምሌ ሌሊት ከጂዛን ጠረፍ በስተ ሰሜን ከፍ ብሎ የሚታየው ይህ ኮከብ ስሙን ያገኘው ጅራት ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው።

የግምቱ ክብደት በዳማ ክርክር ታይቷል። ይህ የግራን ሳሶ ቡድን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታሎቹ ውስጥ ከወቅት ጋር የሚዋዥቅ ምልክት አየሁ ይላል። በዜኖን የሚሠሩት አላዩም። ነገር ግን ሶዲየምንና ዜኖንን ለማነጻጸር በስሌቱ ግምቶች ማለፍ ግድ ስለሆነ ሙግቱ ከ20 ዓመት በላይ ዘለቀ። በመጨረሻ የስፔኑ አናይስና የኮሪያው ኮሳይን በዚያው ዓይነት ክሪስታል ሞክረው ምልክቱን አላገኙትም።

ስለዚህ የክልሉ የፊዚክስ መምህራን እነዚህን ፕሮግራሞች ወደ ክፍል ቢያስገቡ ይገባል፤ የሚያስፈልገው ተራ ኮምፒዩተር ነው። ቃላቱ በዐማርኛ ገና አለመርጋታቸው እንቅፋት ቢሆንም ቁጥሮቹ አስተርጓሚ አይሹም። የመጀመሪያው መልመጃ 220ን ወደ 238 ቀይሮ የብልጭታው ብዛት በስንት እንደተለወጠ መመዝገብ ሊሆን ይችላል።