ሞተር ከመቀየርዎ በፊት ፕሮፔለሩን ይዩ

ከጭሮ ሆኜ ስለ ጀልባ ልጽፍልዎ ነው ብል ይስቁ ይሆናል። እውነትዎን ነው። እኛ ጋ በገበያ ቀን መንገድ የሚያጨናንቀው ባጃጅና አይሱዙ እንጂ ጀልባ አይደለም። ከሂርና እስከ በዴሳ፣ ከገለምሶ እስከ ሚኤሶ ቢዞሩ የመዝናኛ ጀልባ አያገኙም። ነገሩ ግን እቤታችን ድረስ መጣ፤ ይዞ ሊሄድ የነበረውም የአጎቴን ቤት ነው።

አጎቴ ከጭሮ አዲስ አበባ ሃያ አምስት ዓመት አይሱዙ ነድተዋል። ጉልበታቸው ሲደክም መኪናውን ሸጡና ሐዋሳ ለሚኖረው ልጃቸው ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ያላት የመዝናኛ ጀልባ ገዙለት። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቤተሰብ አለ፣ ሠርገኛ አለ፣ ጉማሬ ማየት የሚፈልግ እንግዳ አለ። ችግሩ የታየው ሰው ሲሞላ ነው። ልጁ ብቻውን ሲነዳት የምትከንፈው ጀልባ፣ ስምንት ሰው ሲሳፈርባት አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ፣ ኋላዋን ውሃ ውስጥ ቀብራ ታጣጥራለች። ነዳጅም ትጠጣለች። የሸጠላቸው ሰው መልስ አጭር ነበር፤ «ጉልበት አንሷታል፣ ባለ 60 ግዙ።»

ባለ 60ው ሞተር አጎቴ እጅ ላይ ባለው ገንዘብ የሚገዛ አልነበረም። ስለዚህ ጭሮ ያለውን ቤታቸውን አስይዘው ሊበደሩ ወሰኑ። አንድ ሰኞ ጠዋት የብድር ፎርሙን ይዘው ቢሮዬ መጡና «አንቺ ቢዝነስ ተምረሻል ልጄ፣ እስቲ ሙዪልኝ» አሉኝ።

እኔ ስለ ጀልባ ምንም አላውቅም ነበር። በማርኬቲንግ ሥራዬ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ሻጭ ስለ ትልቁ ቁጥር ማውራት ይወዳል። በስልክ ሜጋፒክስል፣ በፍሪጅ ሊትር፣ በሞተር ፈረስ ጉልበት። ለገዢው የሚገባው እሱ ስለሆነ በትልቁ የሚጻፈውም እሱ ነው። በትንሹ የተጻፈውን የሚጠይቅ የለም። «አጎቴ፣ ከመሙላታችን በፊት ሐዋሳ እንደውል» አልኳቸው።

የአጎቴ ልጅ ስልኩን ሐይቁ ዳር ለሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ሰጣቸው። እሳቸውም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «ሰው ሞልታ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስትሰጣት በደቂቃ ስንት ዙር ትመታለች?» ማንም አይቶት አያውቅም። በማግስቱ ስምንት ሰው አሳፍረው የዙር መቁጠሪያውን አዩት። 4,300። የሞተሩ መጽሐፍ ደግሞ ከ4,500 እስከ 5,500 መድረስ አለበት ይላል። ልጁ ብቻውን ሲነዳት 4,800 ስለምትመታ ችግሩ እስከዚያ ተደብቆ ቆይቷል። መካኒኩ «ሞተሯ ጤነኛ ናት፣ የከበዳት ፕሮፔለሩ ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸዋል። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፤ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር ስንት ኢንች እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው ፒች ይባላል። ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ሲዞር፣ ምንም ሳይንሸራተት፣ ልክ እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ብሎን ምን ያህል ወደፊት እንደሚሄድ ነው የሚያሳየው። ፒቹ 13 ከሆነ በአንድ ዙር 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። ውሃ እንጨት ስላልሆነ በተግባር ከዚያ ያነሰ ይሄዳል።

አጎቴ ይህን ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው። «ማርሽ ነው በይኛ!» አሉ። ትክክል ናቸው። ትልቅ ፒች እንደ ከፍተኛ ማርሽ ነው፤ ሜዳ ላይ፣ ባዶ መኪና ሲሆን ያከንፋል። ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ጭነት ይዘው በከፍተኛ ማርሽ ዳገቱን ከወጡ ግን ሞተሩ ይታፈናል፣ ይግላል፣ ነዳጅ ይበላል። ጀልባ ደግሞ እንደ መኪና ማርሽ እየቀያየረች አትሄድም። ማርሿን የሚመርጡላት እርስዎ ነዎት፣ ያውም ፕሮፔለሩን ሲገዙ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱ የአገራችን ነው። ሐይቅ ዳር ስንቆም ዝቅ ያለ ቦታ የደረስን ይመስለናል። ሐዋሳ ሐይቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከጭሮ ብዙም አይተናነስም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ፣ ጫሞ እንኳ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። የአጎቴ ባለ 40 ሞተር ሐዋሳ ላይ የሚሰጠው 33 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው ማለት ነው። ከውጭ አገር ከባሕር ዳርቻ ጋር ተመጣጥኖ የመጣ ፕሮፔለር እኛ ሐይቆች ላይ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እርስዎም ወይም ቤተሰብዎ ጀልባ ካላችሁ፣ ወይም ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

በመጀመሪያ በተለመደው ጭነትዎ፣ በተለመደው ሰው ብዛት ይሞክሩና ዙሩን ይመዝግቡ። ባዶ ጀልባ ላይ የተሞከረ ቁጥር ያታልላል። ቀጥሎ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያዩ። ዙሩ ካነሰ ፒቹን ይቀንሱ፤ አንድ ኢንች ሲቀንሱ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። ዙሩ ከገደቡ ካለፈ ደግሞ በተቃራኒው ፒች ይጨምሩ፤ ከልክ በላይ የሚፈጥን ሞተርም ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ስለ ብረቱ ያስቡ። አሉሚኒየም ርካሽ ነው፣ ድንጋይ ሲነካ ደግሞ ራሱ ተጣሞ የሞተሩን ማርሽ ያድናል። ስቴንለስ ስቲል ጠንካራና ቀልጣፋ ነው፣ ዋጋው ግን ይወደዳል፤ ክፉኛ ከተመታ ደግሞ ጉዳቱን ወደ ማርሹ ሊያስተላልፍ ይችላል። ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ለሚሠራ ሰው አሉሚኒየም ይበቃዋል። ባለ ሦስት ክንፍ ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል፤ ባለ አራት ክንፍ ጭነት ሲበዛ ውሃውን የተሻለ ይይዛል፣ ከላይኛው ፍጥነት ግን ትንሽ ይቀንሳል። ትልቅ ሞተር ለመግዛት ካሰቡም ጀልባዋ የምትችለውን ከፍተኛ ጉልበትና የሰው ቁጥር መጀመሪያ ያረጋግጡ። የጀልባዋ ጀርባ ከሚችለው በላይ ሞተር መጫን አደጋ ነው።

ልጆች ይዘው ሐይቅ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ፕሮፔለር ቢላዋ ነው። ሰው ውሃ ውስጥ እያለ ወይም ከውሃ ወደ ጀልባ እየወጣ ሞተር ይጥፋ፤ «ማርሹ ዜሮ ላይ ነው» አይበቃም። ነጂው የማጥፊያውን ገመድ እጁ ላይ ወይም ልብሱ ላይ ማሰሩን፣ ለልጅዎም በልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት መኖሩን ከመሳፈርዎ በፊት ይጠይቁ። ጥያቄዎ የሚያስቀይመው ነጂ ካለ ሌላ ጀልባ ይፈልጉ።

የአጎቴ ጀልባ ፒቹ 13 የነበረው ፕሮፔለር ወርዶ 10 ተገጠመላት። ዋጋው ከአዲስ ሞተር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስምንት ሰው ይዛ 4,900 መታች፤ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ውሃው ላይ ወጣች። ልጁ ብቻውን ሲነዳት 5,300 ትመታለች፣ ከገደቡ አላለፈችም። እንደ ድሮው አትከንፍም፤ እሱም ትንሽ ቅር ብሎታል። ግን ከፋዩ ተሳፋሪው ነው፣ ተሳፋሪው ደግሞ የሚፈልገው ሳይረጥብ ጉማሬ አይቶ መመለስ ነው።

የብድር ፎርሙ እስካሁን ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ባዶውን አለ። አጎቴ ባለፈው ሳምንት ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩትና ሳቁ። «ሃያ አምስት ዓመት ዳገት ወጥቼ» አሉኝ፣ «ማርሽ ሳላወርድ ሞተር ልቀይር ነበር እኮ!»