ባጁ የበረረ ለታ

ከቤተሰባችሁ በራጅ ክፍል ወይም በካንሰር ጨረር ሕክምና የሚሠራ ሰው ካለ፣ ደረቱ ላይ የሚያደርጋትን ትንሽ ባጅ ታውቋታላችሁ። መታወቂያ አይደለችም። የደረሰባትን ጨረር አጠራቅማ ትይዛለች፤ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ተሰብስባ ትነበባለች። ደረት ላይ ትሁን ሻንጣ ውስጥ ግን ለይታ አታውቅም።

አንዲት የራጅ ባለሙያ ወዳጄ ዋሽንግተን እህቷ ዘንድ ሰንብታ ከተመለሰች በኋላ፣ የባጇ ንባብ ከወትሮው እጅግ ከፍ ብሎ መጣ። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቁጥሩን ስታይ ምን እንደሆነች አትጠይቁኝ። ለካ ባጁ ከጋውኗ ጋር ተጠቅልሎ በትልቁ ሻንጣ ደርሶ መልስ ተጉዟል!

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። የሽያጭ ሪፖርት በአንድ ወር እጥፍ ሲሆን ከመደሰታችን በፊት "ምንድን ነው የተቆጠረው?" እንላለን። እዚህም ጥያቄው ይኸው ነው።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ሰማዩን ነው። እውነት አለው፤ ከህዋ የሚመጣ ጨረር ከፍ ባልን ቁጥር እንደሚጨምር ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ በ1912 እ.ኤ.አ. በፊኛ ወጥቶ ለክቷል። ነገር ግን በረጅም በረራ የሚደርሰን በሰዓት ጥቂት ማይክሮሲቨርት ነው፤ የ15 ሰዓት ጉዞ ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ 0.1 ሚሊሲቨርት አይሞላም። ምድር ላይ ተቀምጠን እንኳ ከተፈጥሮ የሚደርሰን በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው።

ዋናው ተጠርጣሪ የሻንጣ ፍተሻ ነው። ለጭነት የሚሰጡ ሻንጣዎችን የሚያዩ መሣሪያዎች ጠንከር ያለ ራጅ ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ ውስጡ ሰው የለማ! ትራንዚት ካለ ደግሞ ፍተሻው ሊደጋገም ይችላል። ባጁ እዚያ ሲነሳ ወዳጄ ፓስፖርቷን ይዛ ሌላ ሰልፍ ላይ ነበረች። እሷ ያለፈችበት የብረት መፈተሻ በርም በመግነጢስ እንጂ በራጅ አይሠራም።

ታዲያ ቁጥሩ ስህተት ነው ብሎ ዝም ማለት አይቻልም። የሠራተኛ ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ ለፅንስ ግን እርግዝናው ከተነገረ በኋላ ለቀሪው ጊዜ 1 ሚሊሲቨርት ብቻ። የሻንጣ ጨረር በስሟ ከተመዘገበ ያለ ምክንያት ከሥራዋ ሊያስነሳት ይችላል። በሌላ በኩል "በረራው ነው" ብሎ መዝጋትም አደገኛ ነው፤ ምናልባት የተበላሸው የራጅ ማሽኑ ቢሆንስ? ወዳጄ የጉዞ ቀኗን፣ የበረራ መስመሯንና ባጁ የነበረበትን ሻንጣ ጽፋ ለጨረር ደህንነት ኃላፊው ሰጠች። ማሽኑም ተፈተሸ፤ ደህና ነበር። መዝገቧ ታረመ።

በየሥራ ቦታው ማንም የማይለብሳት፣ ለማነጻጸሪያ ከጨረር ርቃ የምትቀመጥ ባጅ አለች። ለጉዞ ስትነሱ የእናንተንም ከእሷ አጠገብ ስቀሏት። ሻንጣ ስታዘጋጁም የጋውን ኪስ ፈትሹ።